ከኖሽን ወደ ቴሌግራም መልእክቱ ለምን ቆመ፦ ከማተሚያ ቤቱ የስራ ማስታወሻ

መጀመሪያ ሲስተሙ ምን እንደሚመስል ላስቀምጥ፣ አለዚያ ከታች ያለው ግራ ያጋባል። ማተሚያ ቤቱ ትዕዛዞቹን የሚይዘው ኖሽን ላይ ነው፣ ሰንጠረዥና ማስታወሻ መያዣ የኢንተርኔት መተግበሪያ። "ትዕዛዞች" የሚባል አንድ ዳታቤዝ አለ፣ ውስጡ ደንበኛ፣ የህትመቱ አይነት (ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ስቲከር፣ አሁን ደግሞ የምርቃት መጽሔት)፣ ቀብድ፣ የማስረከቢያ ቀን፣ የፋይል ስም እና "ሁኔታ" የሚል የምርጫ ኮለመን አለ። ትዕዛዝ ተቀባይዋ ሁኔታውን "ስራ ላይ" ስታደርገው ኤንኤይትኤን (n8n፣ አንዱን መተግበሪያ ከሌላው አገናኝቶ ስራን በራሱ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ያንን አይቶ ታች ማሽን ክፍል ላሉት ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይልካል፣ ልጆቹ ኮምፒውተር ፊት አይቀመጡም ስልካቸውን ነው የሚያዩት። ከዛ በተጨማሪ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ "ዛሬ የሚረከቡ" የሚል ዝርዝር እንዲላክ ታስቧል። ኤንኤይትኤኑ ክላውድ ላይ አይደለም፣ ቢሮው ጥግ ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ተጭኖ። ያኔ የተከለው ልጅ አሁን አገር ውስጥ የለም። እኔ የተጠራሁት ሐምሌ ላይ ነው፣ የምርቃት ስራ ሰው በሚያጨናንቅበት ሰዓት፣ "ኮኔክሽኑ ተበላሽቷል" ተብዬ።

ሰኞ ጠዋት

የተነገረኝ ይሄ ብቻ ነው፦ መልእክት መምጣት አቁሟል፣ ኖሽን ስልክ ላይ ይከፍታል፣ ኢንተርኔት አለ፣ ቴሌግራም ይሰራል። ስለዚህ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው መሀል ያለው ነገር ላይ ነው። ኤንኤይትኤንን ብራውዘር ላይ ከፈትኩት፣ ፖርት 5678 ላይ በደንብ ይነሳል፣ ወርክፍሎው (የስራው ቅደም ተከተል) አክቲቭ ነው ይላል፣ የኤክሰኪውሽን ሊስቱ (የእያንዳንዱ ሙከራ መዝገብ) ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ። አንዱን ስከፍት "ሰርቲፊኬት ኢዝ ኖት የት ቫሊድ" ይላል፣ የሰርቨሩ ማንነት ማረጋገጫ ገና አልጸናም ማለት ነው።

ይሄን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ቶክኑ (ፕሮግራሙ ኖሽን የሚገባበት ሚስጥራዊ ቁልፍ) ነው፣ ክሬደንሻሉን (ቶክኑ የተቀመጠበትን) አጥፍቶ እንደገና መስራት፣ አዲስ ቁልፍ ማውጣት። አልነካሁትም። ሰርቲፊኬት "ገና ነው" ሲባል የሰዓት ጉዳይ ነው፣ ማለትም ይሄ ኮምፒውተር የሚያስበው ቀን ሰርቲፊኬቱ ከወጣበት ቀን ወደኋላ ነው። ኤክሰኪውሽኑ የተመዘገበበትን ቀን ሳየው በፈረንጅ ጃንዋሪ 2012 ይላል። ታች ጥግ ላይ ያለው የዊንዶውስ ሰዓትም እንደዛው።

ነገሩ ወዲያው ግልጽ ሆነ። መብራት ሄዶ ነበር፣ ዴስክቶፑ ዩፒኤስ የለውም፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች፣ ስለዚህ ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። ዊንዶውስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን በራሱ ያስተካክላል ብለን እናስባለን፣ ያስተካክላልም፣ ግን በዲፎልት ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ካለፈ አይነካውም፣ ተጠራጥሮ ይተወዋል። የዓመታት ልዩነት ሲያይ ዝም ነው። ሰዓቱ ካልተስተካከለ ደግሞ በኤችቲቲፒኤስ የሚሄድ ነገር ሁሉ ይወድቃል፣ ኖሽንም ቴሌግራምም። ማንም ያላስተዋለው እዛ ኮምፒውተር ላይ ብራውዘር የሚከፍት ሰው ስለሌለ ነው፣ ቢከፍቱ ኖሮ ብራውዘሩ ራሱ ሰዓትህ ልክ አይደለም ይል ነበር።

2032 የምትባለዋን ባትሪ አስገዛሁ፣ ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ጋር ትገኛለች። ሰዓቱን በእጅ አስገባሁ፣ ባዮስ ውስጥም አየሁት፣ ከዛ ዶከሩንም ሪስታርት አረኩት ምክንያቱም ዊንዶውስ ውስጥ የሚሰራው ሊኑክስ የራሱን ሰዓት ይዞ ስለሚቀር። ከመንካቴ በፊት ግን የኤንኤይትኤንን ፎልደር ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ክሬደንሻሎቹ የተቆለፉበት ኢንክሪፕሽን ኪይ እዛ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፣ እሱ ከጠፋ ወርክፍሎው ቢኖርህም የቶክኖቹን ቁልፍ መክፈት አትችልም፣ ሁሉንም ከዜሮ ነው።

ሰኞ ከሰዓት

ቀዩ አልጠፋም፣ መልኩን ብቻ ቀየረ። አሁን 404 ነው፣ "ኦብጀክት ኖት ፋውንድ"፣ የጠየከው ነገር አልተገኘም ማለት ነው።

ጋሼ (ባለቤቱ ማለቴ ነው) ከኋላዬ ቆመው "እዚህ ጋ እኮ ኮኔክትድ ይላል፣ አረንጓዴ ነው" ይላሉ፣ ክሬደንሻሉ ላይ ያለውን የቴስት ምልክት እያሳዩኝ። እውነታቸውን ነው፣ አረንጓዴ ነው። ግን አረንጓዴው የሚለው ዘበኛው አውቆሃል ነው እንጂ የቢሮው ቁልፍ አለህ አይደለም። ቶክኑ ልክ ነው፣ የኖሽን ሰርቨር ያውቀዋል፣ በቃ። ዳታቤዙን ያየዋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

እንዲህ አይነት ነገር ሲገጥመኝ ከአውቶሜሽኑ ወጥቼ ቴርሚናል ላይ በከርል (ሰርቨርን በቀጥታ የሚጠራ ፕሮግራም) ደረጃ በደረጃ ነው የምጠይቀው፣ ምክንያቱም ኤንኤይትኤን ውስጥ ሆነህ ስታይ የኖዱ (የወርክፍሎው አንድ እርምጃ) ችግር ይሁን የቶክኑ ይሁን የኔትወርኩ ይሁን አይለይም። መጀመሪያ ያለ ምንም ቶክን የኖሽንን ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከኖሽን ጋር የሚነጋገሩበትን በር) መጥራት፦ 401 መለሰ፣ ያልተፈቀደ ማለት ነው፣ እና ይሄ ጥሩ ዜና ነው ምክንያቱም ኔትወርኩም ዲኤንኤሱም ሰርቲፊኬቱም ሰርተዋል ሰርቨሩ ደርሶ መልስ ሰጥቷል። ቀጥሎ ቶክኑን ጨምሮ "እኔ ማነኝ" የሚለውን ጥሪ፦ 200፣ ተሳክቷል ማለት ነው፣ የቦቱን ስም መለሰ። ሶስተኛ ከዛው ቶክን ጋር ዳታቤዙን በአይዲው መጥራት፦ 404። እንግዲህ ችግሩ በሁለተኛውና በሶስተኛው መሀል ነው፣ ሌላውን ሁሉ ማሰብ ማቆም ይቻላል።

ቶክኑ የድሮ ስለሆነ ይሆን ወይ ተብሎም ነበር፣ "ሴክሬት" ብሎ የሚጀምር ነው። ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ የሚወጡት "ኤንቲኤን" ብለው ነው የሚጀምሩት፣ የድሮዎቹ ግን መስራታቸውን ቀጥለዋል። ያ ምክንያት አይደለም።

ኖሽን ላይ አንድ ኢንቴግሬሽን (የውጭ ፕሮግራም በቶክኑ የሚገባበት መለያ) ሲፈጠር ምንም ገጽ አያይም፣ እያንዳንዱን ገጽ ሰው በእጁ ሊፈቅድለት ይገባል፣ ወይም የላይኛውን ገጽ ከፈቀድክለት ከስሩ ያሉትን ይወርሳል። ያልተፈቀደለትን ሲጠይቅ ደግሞ የሚያገኘው መልስ "ተከልክለሃል" ሳይሆን "እንዲህ የሚባል የለም" ነው። ሆን ተብሎ ነው፣ መኖሩን እንኳን እንዳያውቅ። ስለዚህ 404 ሲታይ ጠፍቷል ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፣ ብዙውን ጊዜ አለ ግን አልተፈቀደም።

ጠየኳት ትዕዛዝ ተቀባይዋን፣ "እህቴ ይሄን ዳታቤዝ በቅርቡ ቦታ ቀይራችሁታል?" ስላት "አዎ ሐምሌ 1 ነው፣ ለአዲሱ በጀት ዓመት ጋሼ አዲስ ገጽ ከፍተው ሁሉንም ወደዛ ስበነዋል" አለች። ይሄው። የድሮው ገጽ ላይ ፈቃድ ነበር፣ ዳታቤዙ ከስሩ ስለነበር ይወርስ ነበር፣ ወደ አዲሱ ገጽ ሲሳብ ውርሱ ተቋረጠ። አይዲው አልተለወጠም፣ ማንም ምንም አላጠፋም፣ መብቱ ብቻ ከአሮጌው ቤት ቀረ።

ማስተካከሉ ራሱ ቀላል ነው፣ ገጹ ላይ ከላይ በስተቀኝ ያሉት ሶስት ነጥቦች፣ ከዛ ኮኔክሽንስ፣ ከዛ የኢንቴግሬሽኑን ስም መምረጥ። ጋሼ "ለሁሉም ገጽ አንዴ ስጠውና እንገላገል" አሉ። እኔ እምቢ አልኩ፣ አዲሱ ዋና ገጽ ስር የደሞዝ ሰንጠረዥና የሊዝ ውል አለ፣ የአንድ ቦት ቶክን አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጦ ያንን ሁሉ የሚያነብበት ምክንያት የለም። ለ"ትዕዛዞች" ብቻ ሰጠሁት።

ከርል ላይ አሁንም 404።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆየሁ። ጋሼ የላኩልኝን ሊንክ ነበር የምጠቀመው፣ ከሊንኩ ውስጥ ያለውን 32 ፊደልና ቁጥር ነው እንደ አይዲ የምወስደው፣ ከጥያቄ ምልክቱ በፊት ያለውን፣ ከሱ በኋላ የሚመጣው የእይታው አይዲ ስለሆነ አያገለግልም። ሊንኩ የመጣው ግን ከጋሼ ዳሽቦርድ ነው፣ እሳቸው የሚያዩት ሰንጠረዥ ዋናው ሳይሆን ከዋናው የተያያዘ ቅጂ እይታ ነው፣ ርዕሱ አጠገብ ትንሽ ቀስት አለችው። እንደዛ ያለው የተያያዘ እይታ በኤፒአይ አይጠራም፣ ምንጩን ነው መጥራት ያለብህ። ቀስቷን ተጭኜ ወደ ምንጩ ሄድኩ፣ የምንጩን አይዲ ወሰድኩ፣ 200። ኤንኤይትኤን ውስጥ ያለው አይዲ ደግሞ ሳየው ከመጀመሪያውም የምንጩ ነበር፣ መንካት አላስፈለገም።

ሰኞ ማታ

ወርክፍሎው አረንጓዴ ሆነ፣ ወዲያው ግሩፑ ላይ የተከማቸው መልእክት መፍሰስ ጀመረ። የኖሽን ትሪገሩ (ወርክፍሎውን የሚያስነሳው ኖድ) በየደቂቃው እየሄደ ነው የሚጠይቀው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየበትን ሰዓት ስለሚያስቀምጥ ሲነሳ ከዛ ወዲህ የተነካውን ሁሉ ያመጣል። የጠዋቱ 3 ሰዓት ዝርዝር ግን እንደዛ አይደለም፣ በሰዓት የሚነሳ ነገር ሰዓቱ ካለፈው አለፈው፣ ያመለጠውን አይክስም። ይሄ ልዩነት ለሱቅ ስራ ትልቅ ነው፣ መብራት 3 ሰዓት ላይ ከሌለ የዛን ቀን ዝርዝር የለም ማለት ነው።

መፍሰሱ ግን መሀል ላይ ቆመ፣ 429፣ ጥሪ በዛ ማለት ነው። ቴሌግራም ቦት ወደ አንድ ግሩፕ በደቂቃ ከ20 መልእክት በላይ እንዲልክ አይፈቅድም። በየአንዳንዱ መልእክት መሀል 4 ሰከንድ የሚጠብቅ ሉፕ አስገባሁ፣ በደቂቃ 15 ይሆናል፣ ከበቂ በላይ ነው። ኖሽንም የራሱ ገደብ አለው በአማካይ በሰከንድ 3 ጥሪ፣ ለዚህ ሱቅ ግን እሱ ጋ አንደርስም።

ደግሞ የደንበኛ ስም ባዶ ሆኖ ይመጣል። "ደንበኞች" ሌላ ዳታቤዝ ነው፣ በሪሌሽን የተያያዘ፣ የተያያዘው ዳታቤዝም ለብቻው ካልተፈቀደ ኤረር ሳይሰጥ ባዶ ይመልሳል። ፈቀድኩለት፣ መጣ።

ማክሰኞ

ጠዋት የማሽን ክፍሉ ልጅ ደውሎ "ወንድሜ አንዳንዱ ይመጣል አንዳንዱ አይመጣም" አለኝ። ከሁሉም የሚያስጠላው ብልሽት ይሄ ነው። ሙሉ በሙሉ የቆመ ነገር ቢያንስ ታማኝ ነው፣ ግማሹን የሚሰራ ግን ሰው ያምነዋል፣ ከዛ የአንድ ኮሌጅ ባነር ሳይታተም ይቀራል።

ኤክሰኪውሽኖቹ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ማለትም ማንም አልወደቀም፣ ግን የማጣሪያው ኖድ ላይ አንዳንዶቹ "አይመለከተኝም" በሚለው በኩል ወጥተዋል። ሁለት ትዕዛዝ ጎን ለጎን ከፈትኩ፣ ሁለቱም ሁኔታቸው ስራ ላይ ነው፣ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ አንዱ አልፏል አንዱ አላለፈም። ጄሰኑን (ከኖሽን የመጣውን ጥሬ ዳታ) ገልብጬ ሳየው አንዱ "ሥራ ላይ" ነው ሌላው "ስራ ላይ"።

ለኛ አንድ ነው፣ ስናነበውም ስንሰማውም። ለኮምፒውተሩ ግን ፍጹም ሌላ ፊደል ነው፣ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ) ሥ 1225 ላይ ነው ስ ደግሞ 1235 ላይ፣ ቁጥሮቹ በሄክሳዴሲማል ማለትም በ16 አቆጣጠር ናቸው፣ ስለዚህ ልዩነታቸው 16 ነው። የተከለው ልጅ ማጣሪያው ላይ በንጉሡ ሠ ጽፎታል፣ ትዕዛዝ ተቀባይዋ ደግሞ በስልኳ ኪቦርድ ቀላሏን ስ ትጽፋለች፣ እንዲህ የሚባል ምርጫ ከሌለ ኖሽን እዛው "ፍጠር" ይላል፣ ትነካዋለች፣ ሁለተኛ ምርጫ ይፈጠራል። ከጎግል ፎርም የሚመጡት ትዕዛዞች ላይም ያው ነው፣ በኤፒአይ የሚጻፍ የሴሌክት (የምርጫ ኮለመን) ዋጋ ከሌለ በራሱ ይፈጠራል። ሊስቱን ሙሉ ሳየው "ዲዛይን ጸድቋል" እና "ዲዛይን ፀድቋል" ሁለቱም አሉ። አንዱ መጨረሻ ላይ ስፔስ ያለው "ተረክቧል"ም አለ፣ እሱን በዓይን ፈጽሞ አታየውም።

እዚህ ላይ ጊዜ ወሰድኩ ምክንያቱም ይሄ አንዴ ጠግነህ የምትሄድበት ነገር አይደለም፣ በአማርኛ ዳታ የሚሰራ ሰው ሁሉ ጋ ይመጣል። ሁለት ነገር አረኩ።

አንደኛው ሁኔታ የሚለውን ከሴሌክት ወደ ስታተስ አይነት ኮለመን መቀየር ነው። ስታተስ ላይ ሰው እየጻፈ አዲስ ምርጫ መፍጠር አይችልም፣ የኮለመኑን ሴቲንግ ገብቶ ነው የሚጨምረው፣ በኤፒአይ የሌለ ስም ሲላክለት ደግሞ ዝም ብሎ አይፈጥርም 400 ብሎ ይመልሳል። እኔ 400 ይሻለኛል፣ የሚጮህ ኤረር ነው። ረድፎቹን በጅምላ መርጬ ወደ አንዱ አመጣኋቸው፣ ትርፎቹን አጠፋሁ። ማጣሪያውንም ከስም ወደ ምርጫው አይዲ ቀየርኩት፣ እንደዛ ከሆነ ነገ ጋሼ "ስራ ላይ" የሚለውን "ማሽን ላይ" ቢሉት አይሰበርም።

ሁለተኛው ለደንበኛ ስም ነው፣ እዛ ስታተስ አይሰራም ስም ስለሆነ። ጎግል ፎርም ላይ አንዷ ፀሐይ ብላ ትሞላለች በሚቀጥለው ጸሀይ ትላለች፣ ወርክፍሎው አዲስ ደንበኛ መስሎት ሌላ ረድፍ ይከፍትላታል። ኮድ ኖድ አስገባሁ፣ ለመፈለጊያ ብቻ የሚሆን የተስተካከለ ስም የሚያወጣ። ደስ የሚለው ነገር የፊደል ሰንጠረዡ በዩኒኮድ በተርታ ስለተቀመጠ ሰባቱን ቤት አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልግም፣ በቁጥር መደመርና መቀነስ ይሆናል፦ ሠ ላይ 16 ብትደምር ሰ ትሆናለች፣ ሐ ላይ 16 ብትቀንስ ሀ፣ ኀ ላይ 128 ብትቀንስ ያው ሀ፣ ዐ ላይ 48 ብትቀንስ አ፣ ፀ ላይ 8 ብትቀንስ ጸ፣ ሌሎቹ ቤቶችም አብረው ይሄዳሉ። ይሄ ብቻ ግን አይበቃም። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በአማርኛ ድምጻቸው አንድ ነው ግን ግዕዝና ራብዕ ናቸው፣ ቀመሩ አያገናኛቸውም፣ "ኃይል" ሃይል ሆኖ ይወጣል "ሀይል" ደግሞ ሀይል እንዳለ ይቀራል። እነሱን ለብቻ አንድ መስመር ጻፍኩላቸው። ከዛ የጎንና የጎን ስፔስ መቁረጥ፣ ሁለት ነጥቡንም ወደ ስፔስ መመለስ፣ አንዳንድ ሰው አሁንም ቃል በሁለት ነጥብ ይለያል።

ዋናውን ስም ግን አልነካሁትም። ሰው ስሙን እንደጻፈው ነው ባነሩ ላይ የሚታተመው፣ የተስተካከለው ለመፈለጊያ ብቻ ነው፣ የተደበቀ ኮለመን ውስጥ።

ረቡዕ

ዛሬ ደግሞ ሁሉም ቆመ፣ ቴሌግራም ኖዱ ላይ 400። መልእክቱ "ግሩፕ ቻት ዋዝ አፕግሬድድ ቱ ሱፐርግሩፕ" ይላል። ትናንት ማታ አዲስ ተለማማጅ ገብቶ የድሮውን መልእክት እንዲያይ ግሩፑ ላይ ያለፈው ታሪክ ለአዲስ አባል ይታይ የሚለውን አብርተውታል፣ ያ ሲበራ ቴሌግራም ግሩፑን ወደ ሱፐርግሩፕ ይቀይረዋል፣ የቻት አይዲውም ይቀየራል፣ ከኔጋቲቭ 100 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይሆናል። ለተጠቃሚው ምንም አይታየውም፣ ግሩፑ ያው ግሩፕ ነው። አዲሱ ቁጥር ኤረሩ ውስጥ ራሱ ተጽፎ ስለሚመጣ መፈለግ አያስፈልግም፣ ገልብጦ ማስገባት ነው። ሶስት ኖድ ላይ በእጅ የተጻፈ ስለነበር አንድ ቦታ ብቻ እንዲሆን አረኩት።

ከዛ ቀጥሎ ሌላ 400፣ ግን ለአንዳንድ ትዕዛዝ ብቻ፣ "ካንት ፓርስ ኢንቲቲስ"፣ የጽሁፉን ምልክቶች መተርጎም አልቻልኩም ማለት ነው፣ ከዛ የባይት ቁጥር ይሰጥሃል። ቁጥሩ ከመልእክቱ ርዝመት በላይ ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ግን ባይት ነው የሚቆጥረው እንጂ ፊደል አይደለም፣ የኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። ስፔሱንና ቁጥሩን አንድ አንድ እየቆጠርኩ ሌላውን ለሶስት ሳካፍለው የወደቀበት ቦታ የፋይል ስሙ መሀል ነው፣ አንደርስኮር ላይ። የቴሌግራም ኖዱ መልእክቱን በማርክዳውን ነው የሚልከው፣ እዛ ደግሞ አንደርስኮር ጽሁፍ ማዝመሚያ ምልክት ነው። "ባነር_ፋይናል" ላይ አንድ አለ፣ የተከፈተ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ይወድቃል። "ባነር_3ሜትር_ፋይናል" ላይ ሁለት አለ፣ ተከፈተ ተዘጋ፣ ያልፋል፣ ምልክቶቹ ብቻ ጠፍተው መሀሉ ተዛምሞ ይደርሳል። ለዚህ ነው አንዳንዱ የሚያልፈው። የማሽኑ ልጅ ለካ ፋይሉን በዛ ስም ሲፈልግ እያጣው ነበር፣ "ሲልኩልን ስሙን ያበላሹታል" ይል ነበር። ወደ ኤችቲኤምኤል ሞድ ቀየርኩት፣ እዛ የሚጠነቀቁት ለ<፣ ለ> እና ለ& ምልክቶች ብቻ ነው፣ እነሱ ፋይል ስም ላይ ብዙ አይመጡም፣ ቢመጡም የሚቀይር መስመር አለው።

ረቡዕ ከሰዓት

10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፣ "ዛሬ የሚረከቡ" የሚለው ዝርዝር መጣ። ከሰዓት 10 ሰዓት። ጋሼ እየሳቁ "ይሄ እኮ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፣ እኛ የነገ ነው ብለን ነው የምናነበው" አሉ። ከተተከለ ጀምሮ ማለት ነው።

ወርክፍሎው ላይ የተጻፈው 9 ሰዓት ነው በፈረንጅ፣ በኛ ጠዋት 3፣ ልክ ነው። ግን ኤንኤይትኤን በራስህ ማሽን ላይ ስትተክለው የሰዓት ቀጠና ካልነገርከው የኒውዮርክን ነው የሚወስደው። ኒውዮርክ በበጋቸው ከኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ናት፣ የነሱ ጠዋት 9 የኛ ከሰዓት 10 ነው። በክረምታቸው ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ልዩነቱ 8 ይሆናል፣ ያኔ 11 ሰዓት ላይ ይመጣ ነበር፣ ትዕዛዝ ተቀባይዋም "አዎ አንዳንዴ 11 ላይ ነው" አለች። የኮንቴይነሩ ሴቲንግ ላይ አፍሪካ አዲስ አበባ የሚለውን አስገባሁ፣ ወርክፍሎው ሴቲንግ ውስጥም። የኛ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ወደፊት ነው አይዞርም፣ ስለዚህ አንዴ ነው።

ሐሙስ

የቀረው መደጋገሙ ነው። ትሪገሩ ገጹ በተነካ ቁጥር ነው የሚነሳው፣ ቀብድ ሲሞላም፣ ስልክ ሲታረምም፣ ሁኔታው "ስራ ላይ" እስከሆነ ድረስ ያንኑ ትዕዛዝ ደግሞ ይልካል። ኖሽን የመጨረሻ የተነካበትን ሰዓት የሚሰጠው ደግሞ ሰከንዱን ቆርጦ በደቂቃ ስለሆነ በሰዓት ብቻ ለመለየት መሞከር አያዋጣም። "ተልኳል" የሚል ቼክቦክስ ጨመርኩ፣ መልእክቱ ከሄደ በኋላ ወርክፍሎው ራሱ ምልክት ያደርግበታል፣ ማጣሪያው ደግሞ ምልክት የሌለውን ብቻ ያሳልፋል። ቼክቦክሱን መንካቱ ራሱ ገጹን ስለሚያድስ ትሪገሩ አንዴ ተጨማሪ ይነሳል፣ ግን ማጣሪያው ላይ ይቆማል፣ ክብ አይሰራም።

ለመጻፍ ሲሞክር 403 ሰጠ። ይሄ ከ404 የተለየ ነው፣ ገጹን ያየዋል ግን ኢንቴግሬሽኑ ሲፈጠር ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደለት። የኢንቴግሬሽኑ ገጽ ላይ ማደስ የሚለውን ማብራት ነው፣ መጨመር የሚለውን አላበራሁትም አያስፈልገውም፣ ፎርሙን የሚጽፈው ሌላ ኢንቴግሬሽን ነው።

ለምን በዌብሁክ አናረገውም፣ በየደቂቃው ከመጠየቅ ኖሽን ራሱ ቢነግረን ብዬ አስቤው ነበር። ዴስክቶፑ ከራውተር ጀርባ ነው፣ ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ የለውም፣ ያንን ለመክፈት ታነል መትከል ይጠይቃል፣ ከዛ ታነሉም አንድ የሚበላሽ ነገር ይሆናል። መብራት በሌለ ሰዓት የተላከ ዌብሁክ ደግሞ ማሽኑን አያገኘውም፣ ፖሊንጉ (በየደቂቃው መጠየቁ) ግን ሲነሳ ወደኋላ አይቶ ያመጣል። እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚዘገየው የአንድ ደቂቃ ነገር ማንንም አይጎዳም። ስለዚህ ተውኩት።

ለትዕዛዝ ተቀባይዋ ሁለት ነገር ጻፍኩላት፣ ኪቦርዷ ስር ለጠፈችው፦ ዳታቤዙ ቦታ ከተቀየረ ኮኔክሽኑን አዲሱ ቦታ ላይ ማየት፣ እና "ትዕዛዞች" ላይ ሁለተኛ ዳታ ሶርስ (የዳታ ምንጭ) አለመጨመር። የመጨረሻው የሆነበት ምክንያት ኖሽን ከ2025-09-03 ኤፒአይ ቨርዥን ጀምሮ አንድ ዳታቤዝ ብዙ ምንጭ እንዲይዝ አድርጎታል፣ እኛ የጫንነው የኤንኤይትኤን ኖድ ግን የሚናገረው በድሮው 2022-06-28 ነው፣ በዛ ቨርዥን ብዙ ምንጭ ያለውን ዳታቤዝ ስትጠራ ኤረር ነው የሚመልሰው።

አርብ

ዝርዝሩ 3 ሰዓት ላይ ደረሰ። ባነሮቹ በስማቸው ደረሱ። አንድ ትዕዛዝ ሁለቴ አልመጣም።

መብራቱን ሆን ብዬ ከግድግዳው ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ሰዓቱ አልጠፋም፣ ዶከሩ ግን ሰው ካልገባ አይነሳም፣ ዊንዶውስ ሎግኢን ስለሚጠብቅ። ያንን አስተካክዬ ድጋሚ ነቀልኩት፣ በራሱ ተነሳ። ዩፒኤስ ግን አሁንም ያስፈልጋል ብዬ ጽፌ ሰጥቻለሁ፣ ጋሼ የምርቃቱ ሒሳብ ሲሰበሰብ ብለዋል። ከዛ ወዲያው ደግሞ ቀብድ በቴሌብር ሲገባ በራሱ ኖሽን ላይ ይሞላ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። እሱን ለብቻው ነው የማየው፣ ከነሐሴ በፊት አልነካውም።